ባንክም፣ ፖስታም፣ የሰነድ ማኅደርም፦ በሱዳን ምሥራቃዊ ድንበር አንድ የእጅ ስልክ የሚሸከመው ሕይወት

መተማ ዮሐንስ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ድንበሩን ተሻግራ በምትገኘው የሱዳኗ ጋላባት ገና ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። ሱዳን በጥቅምት 2010 ዓ.ም ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከመለሰች ወዲህ፣ በእግር በደቂቃዎች የሚታለፈው ይህ ድንበር የሰዓት መለያም ሆኗል።

በአካባቢው ስልክ የያዘ ሰው ይህን ልዩነት ሳይሻገርም ሊያየው ይችላል። አብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በያዙት የቴሌኮም ማማ መሠረት ነው። ስልኩ የኢትዮጵያን ኔትወርክ ሲለቅና የሱዳንን ሲይዝ፣ ባለቤቱ ከተቀመጠበት ሳይነሳ በስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ወዲያና ወዲህ ይዘላል።

ችግሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ በታለፈ ነበር። ሆኖም በገዳሪፍ ግዛትና በድንበሩ አካባቢ ስልክ መደወያ ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ደመወዝ የሚገባበት፣ ዳቦ የሚገዛበት፣ የጠፋ ዘመድ የሚፈለግበት፣ የተቃጠለ ቤት የባለቤትነት ሰነድ ፎቶ የተቀመጠበት ዕቃ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ በአብዛኛው በጣም ውዱ ስልክ አይደለም፤ ባለ ቁልፉ ርካሽ ስልክም አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው፣ አንድ ቤተሰብ ቆጥቦ ሊገዛው የሚችለው ስልክ ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ስልክ በጦርነት፣ በሙቀትና በመብራት እጦት መካከል ምን ያህል ይዘልቃል? ተጠቃሚውስ ምን ማወቅ ይኖርበታል?

'መካከለኛ' የሚባለው ስልክ የትኛው ነው?

መካከለኛ ለሚባለው ስልክ አንድ ወጥ ትርጉም የለም። በጥቅሉ ግን ባለ ሁለት ሲም፣ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ገደማ ባትሪ፣ 128 ጊጋባይት ማከማቻ እና ከ4 እስከ 8 ጊጋባይት ራም ያላቸው፣ በአንድሮይድ የሚሠሩ ስልኮች በዚህ መደብ ይጠቀሳሉ። የሳምሰንግ 'ኤ' ተከታታይ ስልኮች፣ ቴክኖ እና ኢንፊኒክስ በአካባቢው ገበያ የታወቁ ስሞች ናቸው።

ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ እና አይቴል የአንድ ኩባንያ ምርቶች ናቸው፤ መቀመጫውን በቻይናዋ ሼንዘን ያደረገው ትራንሽን ያመርታቸዋል። ኩባንያው ገና ከጅምሩ ትኩረቱን በአፍሪካ ገበያ ላይ ያደረገ ሲሆን፣ እአአ በ2011 በኢትዮጵያ የስልክ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፍቷል። በአማርኛ የሚሠሩ ስልኮችን ለገበያ በማቅረብም ይታወቃል።

ትራንሽን ገበያውን የያዘበት አንዱ ምክንያት ሁለት ሲም የሚይዙ ስልኮችን በዝቅተኛ ዋጋ ማቅረቡ ነው። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ሲም መያዝ ከአንዱ ኩባንያ ርካሽ ጥሪ፣ ከሌላው ርካሽ ዳታ ለማግኘት ይረዳል። በመተማና በጋላባት ግን ሁለተኛው ሲም የሁለተኛው አገር ነው፦ አንዱ በ251 የሚጀምር የኢትዮጵያ ቁጥር፣ ሌላው በ249 የሚጀምር የሱዳን ቁጥር።

ለሰሊጥ አጨዳ ከአማራ ክልል ወደ ገዳሪፍ የሚሻገር የቀን ሠራተኛም፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ነጋዴም፣ ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሱዳናዊም ሁለቱን ሲሞች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ የሚያስደንቅ አይደለም። እዚህ የስልክ ዋጋ በካሜራው ጥራት ብቻ አይለካም።

ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት ባንኮችንም አላስቀረም። በዋና ከተማዋ ቅርንጫፎች ተዘረፉ፤ ጥሬ ገንዘብ ጠፋ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች በጦሩ ቁጥጥር ሥር ወደነበረችው ገዳሪፍ ሲጎርፉ፣ ብዙዎች በኪሳቸው የያዙት ገንዘብ ሳይሆን ስልክ ነበር።

በዚያ ስልክ ውስጥ ደግሞ 'ባንካክ' ነበር። ባንካክ የካርቱም ባንክ የሞባይል መተግበሪያ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በፊትም በሰፊው ይሠራበት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን የአገሪቱ ዋነኛ መገበያያ ለመባል በቅቷል። ቤት ኪራይ፣ የጤፍ ወይም የማሽላ ግዢ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ ከባሕረ ሰላጤው አገራት የሚላክ የዘመድ ድጎማ በእርሱ ያልፋል።

በካይሮና በካምፓላ ያሉ ሱዳናውያንም ገንዘብ የሚለዋወጡት ይህንኑ መተግበሪያ በመጠቀም ነው። ላኪው በሱዳን ሒሳብ ላይ ፓውንድ ያስገባል፤ ተቀባዩ ባለበት አገር የዚያን አገር ገንዘብ ከነጋዴ እጅ ይወስዳል።

በ2017 ዓ.ም ኅዳርና ታኅሣሥ የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ አሮጌዎቹን የ500 እና የ1,000 ፓውንድ ኖቶች እንዲቀየሩ ሲያደርግ፣ ገዳሪፍ ለውጡ ከተካሄደባቸው ግዛቶች አንዷ ነበረች። ሰዎች የያዙትን ጥሬ ገንዘብ በባንክ ሒሳባቸው እንዲያስገቡ ተደረገ፤ ማውጣት ግን ገደብ ነበረበት። በዚህም ምክንያት በስልክ የሚደረገው ክፍያ ይበልጥ አየለ።

እዚህ ላይ በድንበሩ ሁለት ወገን ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያሻል። የኢትዮጵያው ቴሌብር *127# በመደወል ኢንተርኔት በሌለበት፣ በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። ባንካክ ግን የኢንተርኔት ግንኙነት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ከሌለ በሒሳቡ ላይ ያለው ገንዘብ ይታሰባል እንጂ አይበላም።

ጥሬ ገንዘብ በሚያጥርበት ጊዜም ከመተግበሪያው ወደ እጅ ለማውጣት ለነጋዴ ኮሚሽን መክፈል የግድ ይሆናል። የኮሚሽኑ መጠን እንደ ጥሬ ገንዘቡ እጥረት ከፍና ዝቅ ይላል። የችግሩ ገፈት ቀማሾች ደግሞ ከዘመድ በሚላክላቸው ጥቂት ገንዘብ የሚኖሩ ናቸው።

ሌላው መሰናክል መታወቂያ ነው። የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም፣ ሲም ካርድ በስም ለማውጣትም ሰነድ ያስፈልጋል። ሰነዱን በሽሽት የጣለ ሰው፣ ወይም ስደተኛ በመሆኑ የአገሩ ዜጋ መታወቂያ የሌለው ሰው፣ በሌላ ሰው ሒሳብና በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ ሲም ለመጠቀም ይገደዳል። ያ ሰው አንድ ቀን ቢጠፋ ወይም ቢክድ ገንዘቡም አብሮ ይጠፋል።

ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም ያወጣችው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች በሚሰጣቸው መታወቂያ የባንክ ሒሳብ መክፈት እንዲችሉ ፈቅዷል። ሆኖም ይህ መብት በእጅ የሚገባው ምዝገባው ተጠናቅቆ መታወቂያው ሲሰጥ ነው፤ ድንበር በተሻገሩበት ቀን አይደለም።

ማማው ሲዘጋ

ጥር 24/2016 ዓ.ም በሱዳን ኔትወርክ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ ኤምቲኤን እና ሱዳኒ፣ ከቀናት በኋላም ዘይን አገልግሎታቸው ተቋረጠ። ከጦሩ ጎን የቆመው መንግሥት፣ ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ በካርቱም የሚገኙ የቴሌኮም ማዕከላትን ተቆጣጥሮ አገልግሎቱን ዘግቷል ሲል ከሰሰ።

ከውጊያው ርቃ የነበረችው ገዳሪፍም ከዚህ አላመለጠችም። የኩባንያዎቹ ዋና ማዕከላት በካርቱም በመሆናቸው፣ በምሥራቅ ያለው ማማ ቢቆምም ባይቆምም የሚያገናኘው አልነበረም። በምሥራቅና በሰሜን አገልግሎቱ ቀስ በቀስ የተመለሰው ኩባንያዎቹ ፖርት ሱዳንን ማዕከል ያደረገ አማራጭ ከዘረጉ በኋላ ነው።

በእነዚያ ቀናት ጉዳቱ ከመደወል በላይ እንደሆነ ታየ። በካርቱም ለችግረኞች ምግብ የሚያበስሉ የበጎ ፈቃደኞች ማዕድ ቤቶች እርዳታ የሚደርሳቸው በባንካክ ስለነበር ብዙዎቹ ምድጃቸውን አጠፉ። ኔትወርክ የሌለበት ስልክ ችቦና ካሜራ ብቻ ሆነ።

በተለያዩ የሱዳን አካባቢዎች ሰዎች 'ስታርሊንክ' ወደ ተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ፊታቸውን አዞሩ። መሣሪያው ያለው ሰው በሰዓት እያስከፈለ ለሌሎች ያጋራል። ያለ መንግሥት ፈቃድ የሚሠራበት በመሆኑ ግን መሣሪያውን መያዝ በራሱ ስጋት አለው።

በድንበሩ የኢትዮጵያ ወገንም ታሪኩ እንግዳ አይደለም። በኅዳር 2013 ዓ.ም ከትግራይ በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን የተሻገሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኡም ራኩባ እና በቱናይድባህ መጠለያዎች ሲሰፍሩ፣ ስልካቸው የሱዳንን ኔትወርክ ሊይዝ ይችል ነበር። ትተውት በመጡት አካባቢ ግን ስልክ የሚያነሳ አልነበረም፤ መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ሰዎች ዘመዶቻቸውን ለማግኘት በቀይ መስቀልና በቀይ ጨረቃ የቤተሰብ ማገናኛ አገልግሎት ላይ ተስፋቸውን የጣሉበት ጊዜ ነበር።

በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም መገባደጃ ጀምሮ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ከሱዳን ሸሽተው በመተማ የገቡና በኩመርና በአውላላ የሰፈሩ ስደተኞች ያረፉት በዚሁ ክልል ነበር።

እገዳው ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ነው ማለትም አይደለም። ሐምሌ 18/2017 ዓ.ም የሱዳን ቴሌኮምና ፖስታ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የብሔራዊ ደኅንነት ስጋትን በመጥቀስ በዋትስአፕ የሚደረጉ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪዎችን መገደብ ጀምሯል። የጽሑፍ መልዕክት ግን አልተከለከለም። በውጭ አገር ልጅ ላላቸው እናት ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ጥሪ ዋነኛ መንገድ ነው።

ሬዲዮ ሞገድ ፓስፖርት አይጠየቅም

ከአንድ የሁለተኛው ትውልድ ማማ የሚወጣ ሞገድ በቴክኒክ ደረጃ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ኮረብታ፣ ዛፍና የማማው ከፍታ ርቀቱን ያሳጥሩታል እንጂ የድንበር መስመር አያቆመውም። በመሆኑም በድንበር ከተሞች የጎረቤት አገር ኔትወርክ መያዝ የተለመደ ነው።

ይህ በችግር ጊዜ በረከት ይሆናል። በአንዱ አገር አገልግሎቱ ሲቋረጥ፣ የሌላውን አገር ሲም የያዘ ሰው የተሻለ ሞገድ ወዳለበት ቦታ ወጥቶ መደወል ይችላል። በዚያው ልክ ግን ወጪ አለው።

ስልኩ በራሱ ጊዜ የጎረቤት አገር ኔትወርክ ውስጥ ገብቶ ዳታ ቢጠቀም፣ ሒሳቡ በዝውውር አገልግሎት ዋጋ ሊታሰብ ይችላል። ይህን ለመከላከል በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ 'ዳታ ሮሚንግ' የሚለውን መዝጋት፣ ኔትወርኩንም በራስ ምርጫ መወሰን ይበጃል። በዚያ ዝርዝር ላይ ከአገር ስም ይልቅ ቁጥር ቢታይ በ634 የሚጀምረው የሱዳን፣ በ636 የሚጀምረው የኢትዮጵያ ነው።

ሌላው የሚከፈለው ዋጋ ባትሪ ነው። ስልክ ከማማ በራቀ ቁጥር ድምፁን ለማሰማት በከፍተኛ ኃይል ይጮኻል ማለት ይቻላል፤ ኔትወርክ ፈጽሞ ሲያጣ ደግሞ ያለማቋረጥ ይፈልጋል። ሁለት ሲም ያለው ስልክ ይህን ፍለጋ በእጥፍ ያደርገዋል። በከተማ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚዘልቀው ባትሪ በገጠር መንገድ ላይ ከሰዓት በኋላ ሊያልቅ የሚችለው ለዚህ ነው።

ኔትወርክ እንደሌለ በሚታወቅበት መንገድ ላይ ስልኩን በበረራ ሁኔታ ማቆየት፣ ወይም የማይሠራውን ሲም ማጥፋት ይህን ብክነት ይቀንሳል። ጥሪ ብቻ የሚጠብቅ ሰውም ስልኩን ከ4ጂ ወደ 2ጂ ቢያወርደው ደካማ ሞገድ ባለበት የተሻለ ይጠቀማል።

40 ዲግሪ፣ አቧራ እና መብራት የሌለበት ሌሊት

አፕል እና ሳምሰንግ ስልኮቻቸው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ የአየር ሙቀት ውስጥ እንዲሠሩ ይመክራሉ። በገዳሪፍ ከዝናቡ በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይልቃል። በሌላ አነጋገር በዓመቱ ውስጥ ስልኩ ከተሠራለት ልክ ውጭ የሚውልባቸው ብዙ ቀናት አሉ።

ስልክ ሲግል መጀመሪያ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል፤ ከዚያ ይዘገያል፤ ቻርጅ ማድረግንም ሊያቆም ይችላል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ራስን መከላከል ነው። ዘላቂው ጉዳት በሊቲየም ባትሪው ላይ የሚደርሰው ነው። ሙቀት የባትሪውን ኬሚካል በፍጥነት ያረጀዋል፤ በተለይ 100 በመቶ ሞልቶ በሙቀት ውስጥ የቆየ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል።

ስለዚህ ስልኩን በቀኑ ግለት ከመሙላት በሌሊት ወይም በማለዳ መሙላት፣ ሲሞላም ካቨሩን ማውለቅ፣ መንገድ ከሌለ በቀር ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ማቆየት ይመከራል። የጋለን ስልክ በቀዝቃዛ ውኃ ወይም በማቀዝቀዣ ለማብረድ መሞከር ግን ውስጡ ጤዛ እንዲቋጥር ያደርጋል።

በክረምት ደግሞ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ወደ ጭቃ ይለወጣል። ስልክ ሲገዛ 'አይፒ' ከሚለው ቀጥሎ ያሉት ሁለት ቁጥሮች እዚህ ላይ ትርጉም አላቸው። የመጀመሪያው ቁጥር አቧራን፣ ሁለተኛው ውኃን የመቋቋም ደረጃ ያሳያል። አይፒ67 የተባለ ስልክ አቧራ አያስገባም፤ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥም ለ30 ደቂቃ ይቆያል። ብዙ መካከለኛ ስልኮች የሚይዙት አይፒ54 ግን ርጭትን ብቻ የሚቋቋም ነው።

መብራትም ሌላ ፈተና ነው። በጥር 2017 ዓ.ም በገዳሪፍ ግዛት ሸዋክ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ጣቢያ በድሮን ተመትቶ በምሥራቅ ሱዳን ሰፊ አካባቢ መብራት ተቋርጧል። በሶላር የሚሠሩ የቻርጅ ሱቆች ዋጋቸው የሚታወቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ፓወር ባንክ የሚገዛ ሰውም በላዩ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ መቀበል የለበትም። 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ባለ 5,000 ባትሪ ስልክን አራት ጊዜ የሚሞላ ይመስላል። ነገር ግን በቮልቴጅ ልዩነትና በመንገድ ላይ በሚባክነው ኃይል ምክንያት በተግባር የሚሞላው ሦስት ጊዜ ገደማ ነው፤ ያውም ቁጥሩ እውነተኛ ከሆነ።

ሰባ ፊደል

ኢንተርኔት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚቀረው አጭር የጽሑፍ መልዕክት ነው። እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደልም ሆነ የዓረብኛ ፊደል ተጠቃሚዎች ሳያውቁት የሚከፍሉት ዋጋ አለ።

አንድ አጭር መልዕክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ሆሄያት ይይዛል። በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በዓረብኛ ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ፣ ከ70 ያለፈ መልዕክት ተከፋፍሎ የሁለት ወይም የሦስት መልዕክት ሒሳብ ይታሰብበታል። ብዙ ሰዎች አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሌላ በኩል አማርኛ የማይጽፍ ዘመናዊ ስልክ ማግኘት ዛሬ አስቸጋሪ ነው። የግዕዝ ፊደል እአአ በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ከተካተተ በኋላ፣ ከአንዱ ስልክ የተላከው ጽሑፍ በሌላው ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። የጉግል ትርጉም አገልግሎት አማርኛን እአአ በ2016፣ ትግርኛን በ2022 ጨምሯል። በገዳሪፍ ክሊኒክ ውስጥ ዓረብኛ የማይናገር ኢትዮጵያዊ ሕመሙን ለማስረዳት ይህን ሊጠቀም ይችላል፤ ለመድኃኒት መጠንና ለሕግ ሰነድ ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ማስፈለጉ አልቀረም።

ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ደግሞ በዋትስአፕ፣ በኢሞ ወይም በቴሌግራም የሚላክ የድምፅ መልዕክት አለ። የድምፅ መልዕክት ከቪዲዮ ጥሪ በእጅጉ ያነሰ ዳታ ይወስዳል፤ ኔትወርክ ብልጭ ሲል ይላካል፤ ተቀባዩም በተመቸው ጊዜ ይሰማዋል። የ1977ቱ ድርቅ ያፈናቀላቸው ኢትዮጵያውያን በዚያው በኡም ራኩባ ሰፍረው በነበረበት ዘመን ከቤተሰብ ወሬ ለመስማት ወራት ይወስድ ነበር።

ስልኩ ራሱ አደጋ ሲሆን

ሕይወትን ሁሉ በአንድ ዕቃ ውስጥ ማኖር ዕቃው በጠፋ ቀን ሁሉን ማጣት ማለት ነው። በሱዳን በፍተሻ ኬላዎች ታጣቂዎች የመንገደኞችን ስልክ መቀማታቸው፣ ፎቶና መልዕክት መበርበራቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። አንድ የጦር ምሥል ወይም በቡድን የተላለፈ አንድ ቪዲዮ፣ ባለቤቱ ባይከፍተው እንኳ፣ ለጥርጣሬ በቂ ሊሆን ይችላል።

ዋትስአፕ በቡድን የሚላኩ ምሥሎችንና ቪዲዮዎችን በራሱ ጊዜ አውርዶ በስልኩ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ይህን ማጥፋት ሦስት ጥቅም አለው፦ ዳታ ይቆጥባል፣ የስልኩ ማከማቻ በፍጥነት አይሞላም፣ ባለቤቱ ያልመረጠውን ምሥልም በኪሱ ይዞ አይዞርም።

ስልክ ሲጠፋ ሌላ ሰንሰለት ይከተላል። የባንክ መተግበሪያውን በአዲስ ስልክ ለመክፈት የማረጋገጫ ቁጥር በቀድሞው ሲም ላይ ይላካል። ያን ሲም ለማስመለስ ወደ ኩባንያው ቢሮ በአካል መሄድና መታወቂያ ማሳየት ያስፈልጋል። ድንበር ተሻግሮ መተማ የደረሰ ሱዳናዊ ሁለቱንም ላያገኝ ይችላል። ለዚህም ነው የጠፋን ሲም ማስመለስ የጠፋን ስልክ ከመተካት የሚከብደው።

ማጭበርበርም አለ። ገንዘብ መላኩን የሚያሳይ ምሥል በቀላሉ በሐሰት ሊሠራ ይችላል። ሻጭ ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት ማየት ያለበት የገዢውን ስክሪን ሳይሆን የራሱን ሒሳብ ነው። የማረጋገጫ ቁጥርን በስልክ የሚጠይቅ ሰውም ራሱን የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢል እንኳ ሊሰጠው አይገባም።

ገዢ ምን ይመልከት?

በዚህ አካባቢ ለሚኖር ሰው ከካሜራው የሜጋፒክስል ብዛት ይልቅ ሌሎች ጥያቄዎች ይቀድማሉ።

የመጀመሪያው ባትሪውና ጥገናው ነው። በአካባቢው ገበያ መለዋወጫው የሚገኝ፣ ባለሙያዎች የሚያውቁት ስልክ፣ በወረቀት ላይ ከሚበልጠው እንግዳ ስልክ ይሻላል። ሁለተኛው ሁለቱን ሲሞች እና የሚሞሪ ካርዱን በአንድ ጊዜ መያዙ ነው፤ አንዳንድ ስልኮች ሁለተኛውን ሲም ወይም ሚሞሪ ካርዱን ምረጥ ይላሉ። ሦስተኛው አምራቹ ለስንት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ እንደሚልክ ነው፤ ማሻሻያ የቆመበት ስልክ ላይ የባንክ መተግበሪያ ማኖር አደጋው እያደር ይጨምራል።

ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው *#06# ደውሎ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ መለያ በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ቢያስተያይ መልካም ነው። ካልተመሳሰለ ስልኩ የተሰረቀ ወይም የተቀያየረ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን በሌላ ቦታ መጻፍም ስልኩ በጠፋ ጊዜ ለፖሊስና ለኩባንያው ለማመልከት ያግዛል።

ለስልኩ የስክሪን ቁልፍ፣ ለሲሙ የራሱ የይለፍ ቁጥር፣ ለባንኩ ደግሞ ከሁለቱ የተለየ ቁጥር ማድረግ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። የመታወቂያ፣ የትምህርትና የንብረት ሰነዶችን ፎቶም በአንድ ስልክ ብቻ ከማኖር ለሚታመን ዘመድ አስቀድሞ መላክ ይበጃል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ልክ አለው። ማማውን የሚያቆመው፣ መብራቱን የሚያጠፋው፣ የባንኩን መግቢያ የሚዘጋው ተጠቃሚው አይደለም። ምንም ያህል ጥሩ ስልክ ቢገዛ፣ ስልኩ ከማማው፣ ከመብራቱና ከመታወቂያው በላይ ሊጠነክር አይችልም። በገዳሪፍና በመተማ መካከል ያለ ሰው የሚኖረው ይህን እያወቀ ነው።

ስለዚህም ከሁሉ የረከሰው መጠባበቂያ ስልኩ ሲጠፋም ሆነ ባትሪው ሲያልቅ የሚሠራው ነው። የእናት፣ የወንድምና የአንድ ታማኝ ጎረቤት ቁጥር፣ 249ኙም 251ዱም ሳይቀር፣ በወረቀት ተጽፎ ከስልኩ ተለይቶ በልብስ ኪስ ቢቀመጥ፣ ስልክ ያጣ ሰው ከሌላ ሰው ስልክ ላይ ደውሎ "ደህና ነኝ" ሊል ይችላል።